ሲነካ ነው

ቱሉ ዲምቱ፣ ከብሎክ መቶ አርባ ጀርባ፣
አስፋልቱ የተሰነጠቀ፣ መስመሩ በኖራ የተቀባ፣
አንዱ ቀለበት መረብ ለብሶ፣ አንዱ ራቁቱን የቆመ፣
ሲኖትራክ ወደ ኋላ ሲል ገጭቶት አንገቱ የተጣመመ።

እዚያ ነው የኔ ጠረጴዛ፤ ከጸጉር ቤቱ የተዋስኩት፣
አንድ እግሩ ስለሚያነክስ በጠፍጣፋ ድንጋይ ያቆምኩት።
ላዩ ላይ የነጥብ ደብተር፣ እስክሪብቶ በክር ታስሮ፣
ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት፣
ቁልፉ በአውራ ጣቴ ልክ ተቦርቡሮ።

ዳኛው ጋሽ ተካልኝ ናቸው፤
ከሰኞ እስከ ዓርብ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፣
ቅዳሜ ፊሽካ አንጠልጣይ፣
የሰፈር ክርክር ሰብሳቢ።
ጉልበታቸው ይንቋቋል፤ ሲሮጡ ኪሳቸው ውስጥ ቁልፍ ይጮኻል፤
እጃቸው ግን፣ እጃቸውን ላየ ሰው ንግግር ምን ይሠራለታል?

ክፍት መዳፍ ወደ ላይ፦ ሰዓት ቁም።
ጭብጥ ቡጢ ወደ ላይ፦ ጥፋት አለ፣ ሰዓት ቁም።
ከዚያ ያ ክንድ እንደ መጥረቢያ ወርዶ አየሩን ሲፈልጥ፦
ሂድ። ያኔ ብቻ።
ሌላው ሁሉ ጩኸት ነው፤
ከጩኸት ሰዓት አይቀዳም።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳም።
ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ሲለቅ ጣቴ ቸኩሎ ወረደ፤
ሁለት ሰከንድ ያለ ባለቤት ዝም ብሎ ሄደ።
ፊሽካ ነፉ። መጡ። ሊቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።
ጎንበስ ብለው፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣
«ሲለቀቅ አይደለም ልጄ፤ ሲነካ ነው።
አየር ላይ ያለ ኳስ የማንም አይደለም፤
በማንም ያልሆነ ነገር ላይ አትቁጠሪ።»
ሁለቱን ሰከንድ አስመለሱ።
የሄደ ጊዜ ሲመለስ ያየሁት ያኔ ነው፤
ከዚያ በኋላ አላየሁም።

የዋንጫው ቀን መብራት የለም። ለነገሩ መቼ ነበረ።
የኮዬ ልጆች በአንድ ነጥብ ይመራሉ፤
አምስት ሰከንድ ቀረ።
ኩምሳ፣ የብሎኬት አምራቹ ልጅ፣ ከመስመር ውጭ ቆሞ
ኳሱን አልወረወረም።
አንከባለለው።

ኳሱ በኖራው ላይ፣ በስንጥቁ ላይ ቀስ እያለ ዞረ፤
ሮባ አጠገቡ ይራመዳል፣ አይነካውም፣
ልጁን ብስክሌት እንደሚያስተምር አባት
እጆቹን ከፍቶ፣ ሳይይዝ።
ሕዝቡ «ሰዓቱ! ሰዓቱ!» አለ።
የኮዬ አሠልጣኝ ጠረጴዛዬን በመዳፉ መታ፣
ድንጋይዋ ተንሸራተተች፣ ደብተሩ ወደቀ።
እኔ ኳሱንም አላየሁ፣ ሮባንም፤
አንድ እጅ ብቻ፣ ወደ ላይ፣ ጣቶቹ ተገጥመው፤
ከጀርባው ያ ያላለቀው ብሎክ፣ መስኮት የሌለው፣
ሰባት ዓመት እንዲሁ ወደ ላይ የቆመው፣
እናቴ ዕጣ የወጣላት፣
ቁልፉን ግን ያልነካችው።

ምን ያህል ቆየ? አላውቅም።
ሰዓቴ አምስት ይላል። አምስት። አሁንም አምስት።
ላብ በክንዳቸው ወርዶ
ክርናቸው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ።
ያቺም ጠብታ የምትጠብቀው ነገር ያለ መሰለኝ።

ከዚያ ሮባ ጎንበስ አለ። ነካ።
ክንዳቸው ወረደ፣
ጣቴ ወረደ፤
በሁለቱ መካከል ያለፈ ነገር ካለ
እኔ አልሰማሁትም።

«ገባ ወይ?» ይሉኛል እስካሁን።
ኳሱ ያንን የተጣመመ ቀለበት ሁለቴ ዞረና
ወደ ውጭ ተፋው። ተሸነፍን።
ሮባ መሬት ላይ ተቀመጠ። የኮዬዎች ጭፈራ አቧራ አስነሣ።
እኔ ድንጋይዋን ፈልጌ ከጠረጴዛው እግር ሥር መለስኩ፣
ሰዓቱን ወደ አስር ደቂቃ መለስኩ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ተካልኝ በኪራይ ቤታችን በር ላይ
በርከክ ብለው ቆጣሪ ያነባሉ።
ውሃ ከጠፋ አስራ ሁለተኛ ቀኑ።
መስታወቱን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤
ቀይዋ መርፌ ካለፈው ወር ብዙም አልራቀችም።
ቀና ብለው አዩኝ፣
«አልተነካም» አሉ፣
ጻፉ።